ካርል ፒርሰን

ካርል ፒርሰን (ማርች 27 ቀን 1857 – ኤፕሪል 27 ቀን 1936 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ሲሆን ከዘመናዊ ስታቲስቲክስ መሥራቾች አንዱ ነው። በሁለት የሚለኩ ነገሮች መካከል ያለውን ቀጥተኛ ዝምድና በአንድ ቁጥር የሚገልጸው «የፒርሰን የተዛምዶ መለኪያ» በስሙ ይጠራል። ቁጥሩ በእንግሊዝኛው ፊደል ስም «አር» ይባላል። ፒርሰን ይህ ቁጥር እንዴት ሊያሳስት እንደሚችል ቀድመው ካስጠነቀቁት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ሰው ልጅ ዘር ባደረጋቸው ጥናቶች ራሱ ቁጥሩን ከሚናገረው በላይ አናግሮታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ፒርሰን የተወለደው በለንደን ከተማ ነው። አባቱ ዊልያም ፒርሰን የታወቀ ጠበቃ ነበር፤ እናቱ ፋኒ ስሚዝ ትባላለች። ቤተሰቡ ከዮርክሻየር የመጣና የኩዌከር ክርስቲያኖች ዘር ያለበት ነበር። የመጀመሪያ ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በ«ሲ» ፊደል ይጀምር ነበር፤ ጀርመን አገር ከተማረ በኋላ ግን እንደ ጀርመኖቹ በ«ኬ» መጻፍ ጀመረ። በአማርኛ ሁለቱም «ካርል» ስለሚሆኑ ልዩነቱ አይታይም።

በ1875 በነጻ የትምህርት ዕድል ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኪንግስ ኮሌጅ ገባ። በዚያ ዘመን የኮሌጁ ተማሪዎች የሃይማኖት ትምህርት እንዲከታተሉና በጸሎት ቤት እንዲገኙ ይገደዱ ነበር። ፒርሰን ግዴታውን ተቃውሞ ተከራከረና ነጻ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ግን በገዛ ፈቃዱ በጸሎት ቤቱ ሲታይ የኮሌጁ ኃላፊዎች ግራ ተጋቡ። እሱ የተቃወመው መገደዱን ነበር። ይህ ግትርነት እስከ ዕድሜው ማብቂያ አብሮት ኖሯል። በ1879 በካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና ሦስተኛ ወጥቶ ተመረቀ።

ከዚያም ወደ ሃይደልበርግና ወደ በርሊን ሄዶ ፊዚክስ፣ ፍልስፍና፣ የሮማውያን ሕግና የመካከለኛው ዘመን የጀርመን ሥነ ጽሑፍ አጠና። በ1881 በጥብቅና የመሥራት ፈቃድ ቢያገኝም በሙያው ብዙም አልገፋበትም። በሠራተኞች ክበቦች እየተገኘ ስለ ካርል ማርክስና ስለ ፌርዲናንድ ላሳል ትምህርት ይሰጥ ነበር። በ1880ዎቹ አጋማሽ ስለ ወንዶችና ስለ ሴቶች ግንኙነት በግልጽ የሚወያይ ክበብ በማቋቋም ተሳተፈ፤ በ1890 ያገባትን ማሪያ ሻርፕንም ያገኛት በዚያው ነው። ኢጎን፣ ሲግሪድና ሄልጋ የተባሉ ሦስት ልጆች ወለዱ። ኢጎን ፒርሰን ከጊዜ በኋላ እንደ አባቱ ስመ ጥር የስታቲስቲክስ ሊቅ ሆኗል።

ወደ ስታቲስቲክስ መግባቱ

ፒርሰን በ1884፣ በ27 ዓመቱ፣ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተግባራዊ ሒሳብና የመካኒክስ ፕሮፌሰር ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራው የምህንድስና ተማሪዎችን ማስተማርና ሌሎች ሊቃውንት ሳይጨርሷቸው የሞቱባቸውን መጻሕፍት ማጠናቀቅ ነበር። ስታቲስቲክስን እስከ 30ዎቹ ዕድሜው ድረስ አልነካውም ማለት ይቻላል።

በ1891 በለንደን ግሬሻም ኮሌጅ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ትምህርት እንዲሰጥ ተመረጠ። አድማጮቹ ከሥራ በኋላ የሚመጡ ጸሐፊዎችና የእጅ ባለሙያዎች ስለነበሩ ከቀመር ይልቅ በሥዕል፣ በሳንቲምና በቁማር ምሳሌ ያስረዳቸው ጀመር። አንድን ሳንቲም 24,000 ጊዜ ወርውሮ 12,012 ጊዜ ዘውድ እንደወጣ መዝግቧል። ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኙት «ሂስቶግራም» እና «ስታንዳርድ ዲቪየሽን» የሚሉት ቃላት የወጡት ከእነዚህ ትምህርቶች ነው።

በዚያው ወቅት ራፋኤል ዌልደን የተባለ የእንስሳት ጥናት ሊቅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መጣ። ዌልደን የዳርዊንን የተፈጥሮ ምርጫ ሐሳብ በልኬት መፈተን ስለፈለገ ከኔፕልስና ከፕሊመዝ የባሕር ዳርቻዎች ሸርጣኖችን ሰብስቦ የእያንዳንዳቸውን አካል በጥንቃቄ ለካ። ቁጥሮቹን የሚተነትንለት የሒሳብ ሰው ሲፈልግ ጎረቤቱን ፒርሰንን አገኘ። ሁለቱ ወዳጅነታቸው ዌልደን በ1906 በሳንባ ምች እስኪሞት ድረስ አልተቋረጠም።

ፒርሰን በ1892 «የሳይንስ ሰዋስው» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። ወጣቱ አልበርት አይንስታይን በበርን ከተማ ከጓደኞቹ ጋር ካነበባቸው መጻሕፍት አንዱ ይህ ነበር። በመጽሐፉ ፒርሰን የሳይንስ ተግባር የነገሮችን ውስጣዊ ምክንያት መግለጥ ሳይሆን የምናስተውለውን ነገር ባጭሩና በትክክል መግለጽ እንደሆነ ተከራክሯል። በ1911 በወጣው ሦስተኛ እትም ደግሞ «ምክንያትና ውጤት» የሚለው አስተሳሰብ ብቻውን እንደማይበቃና ሰፊው መሠረት ተዛምዶ እንደሆነ የሚያስረዳ ምዕራፍ ጨመረበት። ይህ አቋም የኋላ ሥራውን ለመረዳት ቁልፍ ነው።

የተዛምዶ መለኪያ

ሐሳቡ ከፒርሰን በፊት የነበረ ነው። ፈረንሳዊው ኦጉስት ብራቬ በ1846 ተቀራራቢ የሆነ ሒሳብ ሠርቶ ነበር። ፍራንሲስ ጋልተን በ1888 የሰዎችን የአካል ክፍሎች ልኬት እያነጻጸረ ተዛምዶን በአንድ ቁጥር መግለጽ እንደሚቻል አሳየ፤ የእሱ ዘዴ ግን በነጥቦች መካከል በዓይን ግምት በሚሰመር መስመር ላይ የተመሠረተ ነበር። ፒርሰን በ1896 ባሳተመው ጽሑፍ ዛሬም የምንጠቀምበትን ስሌት አስቀመጠ።

ስሌቱ በአባቶችና በወንድ ልጆቻቸው ቁመት ምሳሌ ሊታይ ይችላል። የእያንዳንዱ አባት ቁመት ከአባቶች አማካይ ምን ያህል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ይጻፋል፤ የልጁም ቁመት ከልጆች አማካይ ጋር እንዲሁ ይነጻጸራል። ከዚያ የሁለቱ ልዩነቶች ይባዛሉ። ረጅም አባት ረጅም ልጅ፣ ወይም አጭር አባት አጭር ልጅ ካለው ብዜቱ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር ከሆነ ኔጋቲቭ ይሆናል። የብዜቶቹ አማካይ ለሁለቱ ስታንዳርድ ዲቪየሽኖች ብዜት ሲካፈል አር ይገኛል። (ስታንዳርድ ዲቪየሽን ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳይ መለኪያ ነው።) በዚህ ማካፈል ምክንያት አር መስፈሪያ የለውም፤ ቁመት በሴንቲሜትር ተለካ በኢንች ለውጥ አያመጣም። ዋጋውም ሁልጊዜ ከ−1 እስከ 1 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ነጥቦቹ ሁሉ ወደ ላይ በሚወጣ አንድ ቀጥታ መስመር ላይ ካረፉ 1፣ ወደ ታች በሚወርድ መስመር ላይ ካረፉ −1 ይሆናል።

ፒርሰን ይህን ለመሞከር ተማሪዎቹን እየላከ ከብዙ ቤተሰቦች ልኬት አሰበሰበ። ውጤቱን በ1903 ከአሊስ ሊ ጋር አሳተመው። ሊ ከረዳቶቹ ሁሉ ብርቱዋ ነበረች፤ በለንደን ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ዶክትሬት ካገኙ የመጀመሪያዎቹ ሴቶችም አንዷ ናት። ለዲግሪዋ በሠራችው ጥናት የራስ ቅል መጠን ከአእምሮ ችሎታ ጋር እንደማይሄድ አሳይታ፣ የሴቶች ጭንቅላት ትንሽ ስለሆነ አእምሯቸውም ያንሳል ይሉ የነበሩትን ሊቃውንት አስቆጥታለች።

በዚያ ሥራ ውስጥ የነበሩት 1,078 የአባትና የልጅ ጥንዶች እስከ ዛሬ ለማስተማሪያ ያገለግላሉ። የአባቶቹ አማካይ ቁመት 172 ሴንቲሜትር ያህል፣ የልጆቹ ደግሞ 174.5 ያህል ሲሆን አር 0.5 ገደማ ነው። ይህ 0.5 ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይነበባል። ግማሾቹ ልጆች አባታቸውን ይመስላሉ ማለት አይደለም፤ ከልጁ ቁመት ግማሹ ከአባቱ መጣ ማለትም አይደለም። የሁለቱ ትውልዶች የቁመት ስርጭት ተቀራራቢ ስለሆነ፣ አንድ አባት ከአማካዩ በ10 ሴንቲሜትር ቢበልጥ የእንደዚህ ያሉ አባቶች ልጆች በአማካይ ከራሳቸው ትውልድ አማካይ በ5 ሴንቲሜትር ገደማ ይበልጣሉ ማለት ነው። ጋልተን «ወደ አማካይ መመለስ» ያለው ይህንን ነው። አር በራሱ ሲባዛ የሚገኘው 0.25 ደግሞ በልጆች ቁመት ላይ ከሚታየው ልዩነት (በቫሪያንስ ሲለካ) ሩቡን ብቻ የአባትን ቁመት በማወቅ መገመት እንደሚቻል ይናገራል። ሦስት አራተኛው ከእናት፣ ከምግብ፣ ከጤናና ከሌላም ነገር ጋር የተያያዘ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው የሚዘነጋው ነገር አር የሚለካው ቀጥተኛ መስመርን ብቻ መሆኑ ነው። ከ−3 እስከ 3 ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች እንውሰድና እያንዳንዱን በራሱ እናባዛ፤ 9፣ 4፣ 1፣ 0፣ 1፣ 4፣ 9 እናገኛለን። ሁለተኛው ዝርዝር ሙሉ በሙሉ በመጀመሪያው ይወሰናል፤ አር ግን ዜሮ ነው። ወደ ላይ የሚወጣውና ወደ ታች የሚወርደው ጎን ተጣፍተዋል። በተቃራኒው፣ በ1973 ፍራንክ አንስኮም አር ለሁሉም 0.82 ገደማ የሚሆንባቸውን አራት አነስተኛ ዝርዝሮች አቀረበ። በሥዕል ሲታዩ አንዱ የተለመደ የነጥብ ደመና፣ ሁለተኛው የጎበጠ መስመር፣ ሦስተኛው ከአንድ አፈንጋጭ ነጥብ በቀር ፍጹም ቀጥታ መስመር፣ አራተኛው ደግሞ ዝምድናው በሙሉ በአንድ ብቸኛ ነጥብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አርን ከማስላት በፊት ነጥቦቹን በግራፍ ላይ አስቀምጦ ማየት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሐሰተኛ ተዛምዶ

ፒርሰን ቀመሩን ባሳተመ በዓመቱ፣ በ1897፣ «ሐሰተኛ ተዛምዶ» ስላለው ነገር ጻፈ። ዌልደን የአካል ክፍሎችን ልኬት ለጠቅላላ የሰውነት ርዝመት እያካፈለ ያነጻጽር ነበር። ፒርሰን የዚህን አደጋ በምሳሌ አስረዳ። ከመቃብር የወጡ የጭን፣ የቅልጥምና የክንድ አጥንቶች ተደባልቀው አንድ ሰው ዝም ብሎ ሦስት ሦስት አድርጎ ቢያቀናጃቸው በጭንና በቅልጥም ርዝመት መካከል ተዛምዶ አይኖርም። ሁለቱ ርዝመቶች ለክንዱ ርዝመት ከተካፈሉ በኋላ ግን በሁለቱ ውጤቶች መካከል ከ0.4 እስከ 0.5 የሚደርስ ተዛምዶ ብቅ ይላል። ይህ የመጣው የጋራው አካፋይ ሁለቱንም አብሮ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርጋቸው ብቻ ነው። ዛሬም የነፍስ ወከፍ ቁጥሮችን የሚያነጻጽር ተመራማሪ ይኸው ወጥመድ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛውን ወጥመድ በ1899 ከሊና ከሌላ ባልደረባ ጋር አሳየ። በፓሪስ የምድር ውስጥ መቃብሮች በተገኙ የራስ ቅሎች ላይ በርዝመትና በስፋት መካከል ያለው ተዛምዶ ለወንዶች 0.09፣ ለሴቶች −0.04 ነበር፤ ሁለቱም ከዜሮ ብዙ አይርቁም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን 0.20 ሆነ። የወንዶች የራስ ቅል በሁለቱም ልኬት ከሴቶቹ ስለሚበልጥ፣ መደባለቁ ብቻ ዝምድና ፈጠረ።

ተማሪው ኡድኒ ዩል ነገሩን ወደ ፊት ገፋው። ዩል የሦስተኛ ነገርን ተጽዕኖ ለይቶ የሚያወጣ የከፊል ተዛምዶ ስሌት ያዘጋጀ ሲሆን፣ በ1926 ደግሞ ከ1866 እስከ 1911 በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በተፈጸሙ ጋብቻዎች ድርሻና በሞት መጠን መካከል አር 0.95 መሆኑን አሳየ። ሁለቱም በዚያ ዘመን እየቀነሱ ስለመጡ ነው እንጂ በቤተ ክርስቲያን መጋባት ሰው አይገድልም።

ተዛምዶን መፈተን

ከጥቂት ሰዎች የተገኘ አር በአጋጣሚ የመጣ እንዳልሆነ በምን ይታወቃል? ፒርሰንና ባልደረባው ፊሎን በ1898 ለዚህ መልስ የሚሆን የስህተት ስሌት አወጡ። አር በራሱ ተባዝቶ ከ1 ይቀነሳል፤ ውጤቱ ለጥንዶቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ይካፈላል፤ በ0.6745 ይባዛል። ለ1,078ቱ አባቶችና ልጆች የስህተቱ መጠን 0.015 ብቻ ስለሚሆን 0.5 ጽኑ ቁጥር ነው።

ቀመሩ የሚሠራው ግን ለብዙ ናሙና ነው። ችግሩን በግልጽ ያየው ዊልያም ጎሴት የተባለ በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካው በገብስና በብቅል ላይ የሚያደርጋቸው ሙከራዎች ጥቂት ነበሩ። ጎሴት በ1906 ወደ ፒርሰን ቤተ ሙከራ መጥቶ አንድ ዓመት ያህል ተማረ። የ3,000 እስረኞችን ቁመትና የመካከለኛ ጣት ርዝመት በካርቶን ቁራጮች ላይ ጽፎ፣ እየበወዘ አራት አራት በማውጣት ትንሽ ናሙና ምን ያህል እንደሚዋዥቅ በእጁ ሞከረ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ ውጤቱ በ1908 «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ወጣ። ያሳተመው የፒርሰን መጽሔት ነው፤ ፒርሰን ራሱ ግን ለትንንሽ ናሙናዎች ብዙም ፍላጎት አልነበረውም።

የጎሴትን ግምት በሒሳብ ያረጋገጠው ሮናልድ ፊሸር ሲሆን ጽሑፉም በ1915 እዚያው መጽሔት ላይ ታተመ። ዛሬ ቀጥተኛ ዝምድና መኖር አለመኖሩ የሚፈተነው ከዚህ ሥራ በወጣ ዘዴ ነው። በመጀመሪያ በሕዝቡ ውስጥ ያለው ተዛምዶ ዜሮ ነው የሚል መላምት ይያዛል። ከጥንዶቹ ብዛት 2 ተቀንሶ፣ አር በራሱ ተባዝቶ ከ1 ሲቀነስ ለሚገኘው ይካፈላል፤ የዚህ ስኩዌር ሩት በአር ሲባዛ «ቲ» ይገኛል። ቲ ከሠንጠረዡ ወሰን ካለፈ መላምቱ ይጣላል።

ልዩነቱን ለማየት ከ10 ጥንዶች አር 0.5 ተገኘ እንበል። በድሮው ቀመር የስህተቱ መጠን 0.16 ስለሚሆን 0.5 ሦስት ጊዜ ይበልጠዋል፤ በዚያ ዘመን ልማድ ከቁም ነገር ሊቆጠር ይችል ነበር። በቲ ሲፈተን ግን 1.63 ይወጣል፤ የሠንጠረዡ ወሰን 2.31 ነው። ምንም ዝምድና ባይኖር እንኳ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የራቀ አር ከ100 ጊዜ 14 ጊዜ ያህል ይገኛል ማለት ነው። ለ10 ጥንዶች በ5 በመቶ ደረጃ ወሰኑን ለማለፍ አር ቢያንስ 0.632 መድረስ አለበት፤ ለ100 ጥንዶች 0.197፣ ለ1,000 ጥንዶች ደግሞ 0.062 ይበቃል። ስለዚህ ከ1,000 ሰዎች የተገኘ 0.07 ፈተናውን ያልፋል፤ ነገር ግን በራሱ ሲባዛ ከልዩነቱ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። በኤስፒኤስኤስ ፕሮግራም የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራ ተማሪ «ፒርሰን ኮሪሌሽን» በሚለው ሠንጠረዥ ላይ ኮከብ ምልክት ሲያይ፣ ኮከቡ የሚነግረው ተዛምዶው ዜሮ ነው ማለት እንደሚያስቸግር ብቻ ነው፤ ብርቱ መሆኑን ወይም ጠቃሚ መሆኑን አይነግረውም። ፈተናው ጥንዶቹ አንዱ ከሌላው ነጻ መሆናቸውንና ልኬቶቹ የደወል ቅርጽ ካለው ስርጭት መምጣታቸውንም ታሳቢ ያደርጋል።

ፒርሰንና ፊሸር በዚሁ ጉዳይ ተጣሉ። በ1917 ፒርሰንና አራት ባልደረቦቹ የፊሸርን ውጤት በረጅም ሠንጠረዥ አስፋፍተው ሲያሳትሙ አስቀድመው ለፊሸር አላሳዩትም፤ ዘዴውንም እሱ ባላለው መንገድ ተርጉመው ነቀፉት። ፊሸር ይህን አልረሳም። በ1919 ፒርሰን ያቀረበለትን ሥራ ትቶ ወደ ሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሄደ። ጠቡ ፒርሰን ከሞተ በኋላ እንኳ በፊሸር ጽሑፎች ውስጥ ቀጥሏል።

ዩጄኒክስ

ፒርሰን በ1903 በሰጠው የሃክስሊ መታሰቢያ ንግግር ከየትምህርት ቤቱ የሰበሰበውን ስለ ወንድማማቾችና እህትማማቾች የሚናገር መረጃ አቀረበ። አስተማሪዎች የልጆቹን የዓይንና የፀጉር ቀለም፣ ጤና፣ እንዲሁም ችሎታ፣ ትጋት፣ ጠባይና የእጅ ጽሑፍ ሳይቀር መዝግበው ልከውለት ነበር። ተዛምዶው ለአካልም ለአእምሮም 0.5 ገደማ ሆነ። ፒርሰን ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ስለሆኑ መነሻቸውም አንድ ነው፣ ማለትም የአእምሮ ችሎታና ጠባይ እንደ ዓይን ቀለም በዘር ይወረሳሉ፣ ትምህርትና አስተዳደግ ብዙም አይለውጧቸውም ብሎ ደመደመ።

መደምደሚያው ከቁጥሩ አይወጣም። ወንድማማቾች አንድ ቤት ያድጋሉ፣ አንድ ዓይነት ምግብ ይበላሉ፣ አንድ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። መዝጋቢው አስተማሪም ወንድማማች መሆናቸውን ያውቃል፤ አንዱን ጎበዝ ካለ ሌላውንም ጎበዝ ለማለት ይቀርበዋል። ይህ ሁሉ 0.5ን ሊያመጣ ይችላል። ስለ ተደባለቁ አጥንቶችና ስለ ፓሪስ የራስ ቅሎች ያን ያህል የተጠነቀቀ ሰው እዚህ ላይ ጥንቃቄውን ትቶታል። «ምክንያት» የሚለውን ቃል ከሳይንስ ያስወጣ ሊቅ በተዛምዶ ብቻ ስለ ዘር ምክንያት ተናገረ።

ነገሩ በወረቀት ላይ አልቀረም። ፒርሰን የጋልተንን ሐሳብ ተከትሎ የዩጄኒክስ፣ ማለትም ሰው እንደ ከብት ዘሩ እየተመረጠ እንዲሻሻል የሚጠይቀው እንቅስቃሴ፣ ዋነኛ ጠበቃ ሆነ። በ1900 በኒውካስል ባደረገው ንግግር የሰው ልጅ እድገት በዘሮች ፍልሚያ እንደሚመጣ በመናገር የቅኝ ግዛት ወረራን በሳይንስ ስም ደግፏል። ጋልተን በ1911 ሲሞት በተናዘዘው ገንዘብ የዩጄኒክስ ፕሮፌሰርነት ሲቋቋም የመጀመሪያው ተሿሚ እሱ ነበር። በ1925 ከማርጋሬት ሙል ጋር በለንደን ስለሚኖሩ ከሩሲያና ከፖላንድ የመጡ አይሁዳውያን ልጆች ባሳተመው ጥናት ስደተኞቹ በአካልም በአእምሮም ከአገሬው ልጆች ያንሳሉ ብሎ መግባታቸው እንዲገደብ ተከራከረ። በድህነት የሚኖሩና ብዙዎቹ በቅርብ ከስደት የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። በ1934 ለክብሩ በተዘጋጀ ራት ላይም የሂትለርን የዘር ማሻሻያ እቅድ ተስፋ እንዳለው ሙከራ አድርጎ አነሳው።

ቁጥሩ ያልጠበቁትን ነገር ሲያሳይ ግን ሁልጊዜ አልደበቀውም። በ1910 ከኢቴል ኤልደርተን ጋር በኤዲንብራና በማንቸስተር መረጃ ላይ ተመሥርቶ የሰካራም ወላጆች ልጆች ከሌሎቹ በግልጽ ደካማ እንዳልሆኑ ሲያሳትም መጠጥን የሚቃወሙ ማኅበራትና ሌሎች ዩጄኒስቶች ተነሡበት። ኢኮኖሚስቱ ጆን ሜናርድ ኬንስም ናሙናው ከድሃ ሰፈር የተወሰደ ስለሆነ ንጽጽሩ ሕዝቡን አይወክልም ብሎ ተቸው። ክርክሩ በጋዜጦች ሳይቀር ለወራት ቆየ።

ሌሎች ሥራዎች

በ1900 የታተመው የካይ ስኩዌር ፈተና ከተዛምዶ ቀጥሎ ታላቁ ሥራው ነው። የታየው ቁጥር ከተጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካ ሲሆን ዛሬ ከሕክምና እስከ ማኅበራዊ ጥናት ያገለግላል። የነጻነት ዲግሪውን አቆጣጠር ግን ለሠንጠረዦች የተሳሳተ ሲሆን ያረመው ያው ፊሸር ነው። በ1901 ከዌልደንና ከጋልተን ጋር «ባዮሜትሪካ» የተባለውን መጽሔት መሥርቶ እስከ ሞቱ ድረስ አዘጋጅቷል። በ1904 በደቡብ አፍሪካና በህንድ ለነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች የተሰጠውን የታይፎይድ ክትባት መረጃ መርምሮ፣ ከቦታ ቦታ ያለው ተዛምዶ ዝቅተኛና የተዘበራረቀ ስለሆነ በአግባቡ የተዘጋጀ ሙከራ እንዲደረግ መክሯል። የጋልተንን የሕይወት ታሪክም ከ1914 እስከ 1930 በሦስት ቅጾች አሳተመ።

የመጨረሻ ዓመታት

ባለቤቱ ማሪያ በ1928 ሞተች፤ በዓመቱ የሥራ ባልደረባውን ማርጋሬት ቻይልድን አገባ። በ1920 የቀረበለትን የመንግሥት ኒሻን፣ በ1935 ደግሞ የ«ሰር» ማዕረግ አልቀበልም አለ። በ1933 ጡረታ ሲወጣ ኮሌጁ ክፍሉን ለሁለት ከፈለው፤ ስታቲስቲክሱ ለልጁ ለኢጎን፣ የዩጄኒክስ ፕሮፌሰርነቱ ደግሞ ለፊሸር ተሰጠ። ፒርሰን በሰሪ ክፍለ ሀገር ኮልድሃርበር በተባለ ቦታ ኤፕሪል 27 ቀን 1936 በ79 ዓመቱ አረፈ።

የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የዩጄኒክስ ታሪኩን ካስመረመረ በኋላ በጁን 2020 የፒርሰንን ስም ከሕንጻው ላይ አንሥቶ «ሰሜን ምዕራብ ክንፍ» ብሎታል። ወረቀቶቹና ደብዳቤዎቹ በዚያው ኮሌጅ ይገኛሉ፤ «ባዮሜትሪካ»ም ዛሬ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ይታተማል።